በእትዬ አስካለ ደጃፍ የወደቀው የጸጉር ድቡልቡል

ማርያምን፣ አታምኑኝም። እኔ ስዋሽ ሰው አፉን ከፍቶ ይሰማኛል፤ እውነት ስናገር ግን «ተይን እባክሽ» ብሎ ፊቱን ያዞራል። ልጅ ሳለሁ አንዲት ጉጉት ጃርት በልታ እኔንና እናቴን ከቤት ልታስወጣን ነበር። ይኸው፣ ገና ከአፌ ሳይወጣ ፊታችሁን አዞራችሁ።

ያኔ የምንኖረው ካዛንቺስ ነበር፤ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ከተገናኘ አንዱ ግድግዳ ካልላሰ የማይተላለፉበት ቅያስ ውስጥ። ግቢው የእትዬ አስካለ ነው። እሳቸው ከባለቤታቸው ከጋሽ ታደሰ ጋር ትልቁ ቤት ውስጥ ይኖራሉ፣ ጓሮውን ደግሞ በጭቃ ክፍል ሞልተው ያከራያሉ። ከክፍሎቹ ሁሉ ትንሿ የእኛ ነበረች። አልጋው ሲገባ በሩ አይዘጋም፣ በሩ ሲዘጋ እግራችን በመስኮት ይወጣል፤ ዝናብ ሲመጣ ውጭ ያለው ሰው ከኛ ያነሰ ይረጥባል። ቢሆንም ቤት ነው፤ ከዚያ ወዲያ የምንሄድበት አንድም ቦታ አልነበረንም። አባቴ ገና ሳልወለድ ሞቷል፣ የእናቴ ዘመዶች ሩቅ ናቸው።

እናቴ ሹሩባ ሠሪ ነበረች። በራችን ላይ ወንበሯን አውጥታ ትቀመጣለች፣ ደንበኛዋ ዱካ ላይ ሆና ጀርባዋን ለእናቴ ጉልበት ትሰጣለች፣ ከዚያ በኋላ እናቴ ጣቷ ይሮጣል፣ አፏም ይሮጣል፣ ሁለቱ እኩል ይደርሳሉ። የካዛንቺስ ሴት ሁሉ ራስ በእናቴ ጉልበት መሃል አልፏል ብል ብዙም አልዋሸሁም።

አንድ ነገር ታውቃላችሁ መቼም፤ ሴት ልጅ ስታበጥር የረገፈውን ጸጉሯን ሜዳ ላይ አትጥልም። በጣቷ ጠቅልላ ወይ የግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ትወትፈዋለች፣ ወይ ትቀብረዋለች። ክፉ ሰው እጅ ከገባ ይደገምበታል፣ ባለቤቷም ወይ ታብዳለች ወይ ራሷ መላጣ ይሆናል ይባላል። እናቴ ይህን ከማንም በላይ ታውቅ ነበር። ሠርታ ስትጨርስ ትከሻቸው ላይ የጣለችው አንሶላ ላይ የቀረውን አንዲት ዘለላ ሳታስቀር ለቅማ፣ «እንቺ፣ ጸጉርሽን ያዢው» ብላ መዳፋቸው ላይ ታስቀምጥላቸዋለች። ሲሄዱም ጨብጠውት ሄደው እንደሆነ እስከ ግቢው በር ድረስ በዓይኗ ትሸኛቸዋለች።

ከእትዬ አስካለ ግንብ ወዲያ ባለቤቶቹ በውርስ ተጣልተው የዘጉት ቪላ ነበር። ግቢው ውስጥ አንድ የሚያህል የሌለው ትልቅ ጽድ ቆሟል፤ ጫፉን አይቶ የጨረሰ ሰው አላውቅም። ቅርንጫፉ ግንቡን አልፎ እትዬ አስካለ ደጃፍ ላይ ያጠላል። የቪላው ጠባቂ አባባ ገብሬ ነበሩ፣ የወታደር ካፖርት የማይለያቸው ሽማግሌ፣ አገራቸው ወደ ቡታጅራ። መብራት ሲሄድ፣ ያኔ ደግሞ መብራት እንደ ልቡ ነበር የሚሄደው፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የቪላውን የብረት በር በጎኑ ሾልኮ ወደ እሳቸው ይሮጣል። አባባ ገብሬ ከሰሉን ያራግባሉ፣ በቆሎ ይጠብሳሉ፣ ኩራዟን ከኋላቸው ድንጋይ ላይ ያስቀምጣሉ። ጥላቸው ግንቡ ላይ ወጥቶ ከራሳቸው ቀድሞ ተረቱን ይጀምራል።

የሰፈሩ ትልቅ ውሸታም እሳቸው ነበሩ። ይህን የምለው በክብር ነው፤ ቦታውን ከሳቸው ነው የወረስኩት። ጅብ ጠጅ ቤት ገብቶ ሂሳብ ሳይከፍል የወጣው በእሳቸው አገር ነው። ዝሆን ወደ መስቀል አደባባይ መጥቶ ታክሲ የተሳፈረው በእሳቸው ዓይን ፊት ነው። እኛም እንስቃለን፣ ጭሱ ዓይናችንን ያቃጥለናል፣ ፍሙ በተንጣጣ ቁጥር ወደ ኋላ እንላለን፣ ደግሞ ተመልሰን ወደ እሳቱ እንጠጋለን።

ጉጉት የጮኸች ማታ ግን የሚስቅ ሰው የለም። ከላይ፣ ከጨለማው ውስጥ፣ በርሜል ውስጥ የገባ ሰው የሚያቃስት የመሰለ ድምፅ ይመጣል። ወዲያው የግቢው በሮች ተራ በተራ ጓ፣ ጓ እያሉ ይዘጋሉ። «በራስሽ!» ይላሉ ሴቶቹ፣ እንትፍ እንትፍ ይላሉ፤ ጉጉት የጮኸችበት ቤት ሰው ይሞታልና ማንም ቀና ብሎ የጮኸችው ከየት እንደሆነ አያይም። እኛም ልጆቹ ነጠላ ውስጥ ተወሽቀን ትንፋሻችንን እንይዛለን። አባባ ገብሬ ብቻ በዱላቸው ፍሙን እየቆሰቆሱ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የጉጉቷን ተረት የሚነግሩን ያኔ ነበር።

ጉጉት፣ ይሉናል፣ ያገሯ ባለጸጋ ናት፤ እንግዳ ትወዳለች። ማታ ማታ ትወጣና ያገኘችውን ሁሉ «ቤት ለእንግዳ» እያለች ይዛ ትገባለች። አይጥን እንደ ቆሎ ነው የምትቆጥረው። እስስትን ቀለሙን ቀይሮ ሳይጨርስ፣ ሌሊት ወፍን አየር ላይ እንዳለ፣ የድመት ግልገልን፣ የጦጣ ግልገልን ሁሉ ይዛ ትገባለች፤ አንድ ጊዜ እንዲያውም ጭራ ይዞ የሚሄድ ዳኛ አይታ ጭራውን ጅራት መስሏት ከነዳኛው ልታነሳው ስትል ነው ያመለጠው። የማይፈራት እንግዳ አያ ጃርት ብቻ ነበር፤ ያ ሲፈራ እንደ ኳስ የሚጠቀለለው ትንሹ ጃርት። «እኔ ጦር ለብሼ ነው የምሄደው፣ ማን ይነካኛል?» እያለ ሜዳ ለሜዳ ይንጎራደዳል። ጉጉት ግን ጨዋ ናት። «ጌታዬ፣ ቤት ውስጥ እኮ ካፖርት አይለበስም፣ ልቀበልዎ» አለችና በረጅሙ ጥፍሯ ከሆዱ በኩል ይዛ ካፖርቱን ገለበጠችለት።

ይህን ሲሉ የገዛ ካፖርታቸውን ከትከሻቸው በአንድ ጊዜ ይገልጡታል፤ ሁላችንም እንጮሃለን።

ታዲያ ጉጉት ጥርስ የላትም፣ ዋጥ ነው የምታደርገው። ጸጉሩን፣ አጥንቱን፣ ስትቸኩል የዋጠችውን እሾህ ሁሉ ሆዷ አይፈጭላትም። ሆዷ ውስጥ እንደ ድቡልቡል ትጠቀልለውና በማግስቱ አመሻሽ ላይ፣ ለአደን ከመነሳቷ በፊት፣ አንገቷን ዘርግታ እህህ ብላ ትተፋዋለች። «የሰው ዕቃ አላስቀርም» ትላለች። አባባ ገብሬ እዚህ ሲደርሱ አንገታቸውን ዘርግተው ስለሚያስሉ ከሁሉም በላይ የምስቀው እኔ ነበርኩ። ከተረቶቻቸው ሁሉ ይህን ነበር በፍጹም ያላመንኩት። ጅቡ ጠጅ ቤት ይግባ፣ እሺ። ጃርት የምትገፍፍና ጸጉር ጠቅልላ የምትመልስ ወፍ ግን፣ ኧረ በእግዜር።

ክረምቱ በወጣ ሰሞን፣ አንድ ጠዋት እትዬ አስካለ ያሰሙት ጩኸት ቄራ ያሉትን በሬዎች ሁሉ አስደንግጧል። እየሮጥን ወጣን። ደጃፋቸው ላይ፣ ልክ እግራቸውን ሊያሳርፉ የነበረበት ቦታ፣ የእንቁላል ያህል የሆነ ግራጫ ድቡልቡል ተቀምጧል። ጸጉር ነው። እንደ ልቃቂት ተጠቅልሎ የደረቀ ጸጉር፣ መሃሉ ላይ ነጭ ቀጭን አጥንት ብቅ ያለበት።

«ደንቃራ!» አሉ እትዬ አስካለ። «ደንቃራ ተጣለብኝ!»

ደንቃራ ቀልድ አይደለም። የተደገመበት ነገር ነው፣ በሰው ደጃፍ የሚጣል፤ የተሻገረው ይታመማል፣ በእጁ የነካው እጁ ይደርቃል። ስለዚህ ማንም አልነካውም። ጨው ተነሰነሰበት፣ ላምባ ፈሰሰበት፣ ክብሪት ተጫረ፣ የተቃጠለ ጸጉር ሽታ ግቢውን ሞላው። በሌላ ቀን ሌላ ወደቀ። እሱም ተቃጠለ። ከዚያ እንደገና።

ክፋቱ፣ በዚያው ሰሞን የእትዬ አስካለ ጸጉር ይረግፍ ነበር። ሽበታቸውን ለማጥፋት የሚቀቡት ቀለም ነው ያቃጠለው፤ እናቴ «እትዬ፣ ይሄን ነገር ይተዉት» ብላ ለምናቸዋለች። አሁን ግን እትዬ አስካለ ራሳቸውን ዳበስ አደረጉ፣ ድቡልቡሉን አዩ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ወደ እኛ በር ዞሩ። የግቢው አንገት ሁሉ አብሮ ዞረ። እናቴ ማበጠሪያዋን እንደያዘች ቆማለች።

«ጸጉሬ በማን እጅ ነው የሚያልፈው?» አሉ። «ንገሪኛ! በማን እጅ ነው?»

«እትዬ፣ የረገፈውን ሁሉ እኮ እጅዎ ላይ ነው የማስቀምጥልዎ።»

«ያሳየሽኝን! ያላሳየሽኝንስ?»

 እናቴ ያች ሺህ ቃል በአንድ ትንፋሽ የምታወራ ሴት የማበጠሪያዋን ጥርስ መቁጠር ጀመረች። 

እትዬ አስካለ ይሄኛውን አላቃጠሉም። ለምስክር ብለው ባዶ የወተት ጣሳ ደፉበት፣ በጣሳው ላይ ብሎኬት ጫኑበት። እሑድ ሽማግሌ እንደሚቀመጥ ተናገሩ፤ እሑድ ማታ እናቴ እዚያ ግቢ እንደማታድር ግን ሽማግሌው ሳይቀመጥ ወስነዋል።

ያን ሳምንት እንዴት እንዳለፍነው አልነግራችሁም፣ እናንተም አትጠይቁኝ። ዱካው ባዶውን ዋለ። ሹሩባዋ ግማሽ ላይ የነበረች አንዲት ልጅ እንኳ ሌላው ግማሽ ጸጉሯ እንደተንጨባረረ ሰፈር ለሰፈር ስትዞር ከረመች እንጂ አልተመለሰችም። ቧንቧ ላይ ወረፋ ስንይዝ ከፊታችንም ከኋላችንም ሰው ይሸሻል፤ ውሃ ቶሎ መቅዳታችን ብቻ ነው ትርፉ። አብረውኝ በቆሎ የበሉ ልጆች «የደንቃራ ልጅ» እያሉ ጥላዬን ላለመርገጥ ይዘላሉ። እናቴ ቄራ ወዳለች የሩቅ ዘመድ ሰው ልካ «ጥቂት ቀን አስጠጊን» ብትላት፣ ወሬው ቀድሞን ደርሶ ኖሮ «ልጆቼ ይፈራሉ» የሚል መልስ መጣ። እናቴ መልሱን ሰማች። ብርድ ልብሱን ዘርግታ ድስታችንን፣ ልብሳችንን፣ መስታወቷን ደረደረችና ትቋጥር ጀመር። ስትቋጥር ጣቷ አይፈጥንም ነበር። ያን ቀን ብቻ ነው ጣቷ ሲዘገይ ያየሁት።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ መብራት ሄደ። እግሬ በልማድ ወደ አባባ ገብሬ ወሰደኝ። ልጆቹ ሲያዩኝ ወደ ወዲያኛው ጥግ ተሰበሰቡ፣ እኔ በዚህኛው ብቻዬን ተቀመጥኩ። ሽማግሌው እንዳላዩ ሆነው የጅብ ተረት ጀመሩ። ከሰሉ ይጨሳል፣ የኩራዟ ነበልባል ይወዛወዛል፤ እኔ ግን የጅቡን አልሰማሁም፣ ጥላቸውን ነበር የማየው። ግንቡ ላይ ያለው ጥላ አንገቱን ሲዘረጋ ሌላ አንገት ታወሰኝ። ጸጉሩንና አጥንቱን ጠቅልላ። አመሻሽ ላይ።

«አባባ» አልኩ በተረቱ መሃል፣ «ጉጉቷ የምትተፋው ነገር ምን ይመስላል?»

የሚጠብሱት በቆሎ ከእጃቸው ወደቀ። «የምን ጉጉት?»

«ጃርት የበላችው።»

«ማነው እንዲህ ያለ ነገር የነገረሽ?»

«እርስዎ ነዎታ!»

«አንቺ ወፈፌ! እኔ የምናገረውን ታምኛለሽ እንዴ?»

ልጆቹ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም። ሁሉንም ወደየቤታቸው ሰደዱና እኔን ክንዴን ይዘው ወደ ጽዱ ሥር ወሰዱኝ። ባትሪያቸውን ወደ ላይ አበሩ። መጀመሪያ ግንድ ብቻ ነበር የመሰለኝ። ከዚያ ግንዱ ዓይኑን ገለጠ። ጆሮ አላት፣ ጢም አላት፣ ቁመቷ የታክሲ በር ያህላል፤ እሺ፣ የታክሲ መስኮት። ዓይኗን ስታርገበግብ ቆቧ ሮዝ ነው፣ ልክ እንደተኳለች ሴት። ባትሪው ጠፋ።

«ዝም በይ» አሉኝ። «ይሄን ሁሉ ዘመን አብረን ነው ያደርነው። ሰው ካወቀ እሷን ይወግሯታል፣ ዛፉንም ይቆርጡታል።»

«እኛንስ፣ አባባ?»

ባትሪያቸውን ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱና እስከ ብረቱ በር ሸኙኝ። 

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። ዋናው ሐጂ ሙዘይን ነበሩ፣ ቅያሱ አፍ ላይ ሱቅ ያላቸው፤ ሚዛናቸው ስለማያጋድል ክርስቲያኑም እስላሙም ሲጣላ እሳቸው ዘንድ ነበር የሚሄደው። አግዳሚ ወንበር ወጣ። ጣሳው ብሎኬቱን እንደተሸከመ መሃል ላይ ነው፤ ሰው ሁሉ እግሩን ከሱ አርቆ ተቀምጧል። ጋሽ ታደሰ ከሚስታቸው ኋላ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ዝም። እኔና እናቴ በራችን ላይ፣ ከቋጠሮው አጠገብ።

«ለመሆኑ ጸጉሩ የርስዎ መሆኑን በምን አወቁ?» አሉ ሐጂ።

«በምን አወቁ ይሉኛል እንዴ፣ ሐጂ?» እትዬ አስካለ ከተቀመጡበት ተነሱ። «የገዛ ጸጉሬን አላውቀውም? ሐር የመሰለውን ጸጉሬን! ይሄ ሰፈር እኔን በጸጉሬ ነው የሚያውቀኝ! በመስቀሉ እምላለሁ፣ ከዚህ ጣሳ ሥር ያለው እያንዳንዱ ዘለላ ከዚህ ራስ የወጣ ነው!» ሻሻቸውን ገፍተው ራሳቸውን አሳዩ፤ ግማሹ በእርግጥ ወጥቷል።

ሁሉም ወደ እናቴ ዞረ። እናቴ መሬት መሬት ታያለች። የግቢው በር ተንቋቋና አባባ ገብሬ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ገቡ። ቆባቸውን በእጃቸው ያሻሉ።

«ይሄ ነገር የሰው ሥራ አይደለም» አሉ። «የጉጉት ነው። እዚያ ጽድ ላይ ጉጉት አለች፣ የበላችውን ትተፋለች።»

 ግቢው በሳቅ ፈረሰ። «አባባ ደግሞ ጀመሩ!» አለ አንዱ። «ዝሆኑስ፣ ከታክሲው ወረደ?» አለ ሌላው። ሐጂ ራሳቸው ጺማቸውን ይዘው «አባባ፣ ዛሬ እንኳ ተረት ይቆየን» አሉ። ሽማግሌው ቀይ ሆነው ቆሙ። አንድ ቀን እውነት ቢናገሩ ማን ይመናቸው።

እኔ አፌ ቀድሞኝ ሄደ። «ጠብቁ!» አልኩ። «ሲመሽ ትተፋለች! ለአደን ስትነሳ! ጠብቁና እዩ!»

«ምን እንጠብቅ? ሲኒማ ገባን እንዴ?» አሉ እትዬ አስካለ። «ሐጂ፣ ይፍረዱና ይለቁን!»

ሐጂ ሰማዩን አዩ፣ እናቴን አዩ፣ ቋጠሮውን አዩ። «እኔ እስከ መግሪብ ሶላት እዚህ ነኝ» አሉ። «እስከዚያ እንቀመጣለን። አዛን ሲል ግን እነሳለሁ፣ ነገሩም ያበቃል።»

ተቀመጥን። እንደዚያ ቀን ረጅም አመሻሽ አይቼ አላውቅም፤ ፀሐይዋ የጣራ ቆርቆሮ ላይ ተጣብቃ ቀረች።  ሰው ሁሉ ወደ ጽዱ ሰረቅ አድርጎ ያያል፣ ግን ደፍሮ ቀና አይልም፣ ጉጉቷ ካለች እሷን ማየት ራሱ ሞት መጥራት ነውና። ከጽዱ የሚወጣ ነገር የለም። አንዲት ቅጠል እንኳ አትነቃነቅም። እኔ በልቤ ጉጉቷን እየለመንኩ፣ እየሰደብኩ፣ ደግሞ ይቅርታ እየጠየቅኩ ነው። ዛሬ ባትበላስ? ቆማ ብትተኛስ? አባባ ገብሬ በሕይወታቸው ሙሉ እንደዋሹ ይሄንንም ዋሽተውኝ ቢሆንስ? ጥላው ከግንቡ ወርዶ ጣሳውን ሸፈነው። ከዚያ የኛን በር። ከዚያ እናቴን።

አዛኑ ከሩቅ ተጀመረ።

ሐጂ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። አቧራቸውን አራገፉ፣ ወደ እናቴ ሳያዩ። «በቃ!» አሉ እትዬ አስካለ። እናቴ ጎንበስ ብላ ቋጠሮውን ትከሻዋ ላይ አደረገች፤ ዱካውን በሌላ እጇ አነሳች። «ነይ፣ ልጄ» አለችኝ። ወዴት እንደሆነ አላለችኝም።  አንድ እርምጃ ሄድን።

ያኔ ከላይ አንድ ሰው አሳለው።

እንደዚያ ነው የመሰለኝ፤ ጉሮሮው ውስጥ ነገር የቀረበት ሽማግሌ። ቀና አልን፣ ሁላችንም፣ ሳናስበው። ደጃፉ ላይ ያጠላው ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ፣ ቀይ ሰማዩ ከኋላዋ፣ ያቺ የታክሲ በር የምታህለው ተቀምጣለች። አንገቷን ዘረጋች። አፏን ከፈተች። አንዴ ተናነቃት፣ ደግማ ተናነቃት፤ ከዚያ አንድ ነገር ወደቀ፣ ጣሳው ላይ የተጫነው ብሎኬት ላይ ጧ! ብሎ ነጥሮ መሃላችን ተንከባለለ። እሷ ክንፏን ከፈተች፣ ድምፅ የሚባል ሳታሰማ በራሳችን ላይ አልፋ ሄደች። ሰው ወንበር እየገለበጠ ተበተነ። «በራስሽ! በራስሽ!» የሚል ጩኸት ብቻ ነው የሰማሁት።

እኔ ወደ ድቡልቡሉ ነው የሮጥኩት። «ተይ! ልጄን!» አለች እናቴ፣ ቋጠሮው ከትከሻዋ ወድቆ ድስቱ ሲንኳኳ ይሰማኛል። ደንቃራ የነካ እጁ ይደርቃል። አነሳሁት። ገና እርጥብ ነው፣ ይሞቃል። እጄ እስኪደርቅ ጠበቅኩ፤ ከጣቴ ጀምሮ እስከ ክርኔ የደረቀ መስሎኝ ነበር፣ ከፍርሃት ነው ለካ። ለሁለት ፈለጥኩት።

ሐጂ ባትሪ ይዘው አጠገቤ ተንበረከኩ። ግራጫ ሱፍ የመሰለ ጸጉር። የአይጥ መንጋጋ፣ ቢጫ ጥርሱ ከነሥሩ። የሌሊት ወፍ የመሰለ ቀጭን የክንፍ አጥንት። ከዚያ አውራ ጣቴን አንድ ነገር ወጋኝ፣ ደሜ መጣ፣ ሳብኩት። እሾህ ነው፤ ጫፉ ነጭ፣ ወገቡ ጥቁር። ከሱ ሥር ሌላ። ብሎኬቱን ገፋሁ፣ ጣሳውን ገለበጥኩ፣ የምስክሩን ድቡልቡል በሁለት እጄ ፈረካከስኩት። እሱ ደግሞ ይብስ ነበር፣ እሾህ በእሾህ ነው። ሐጂ አንዱን በጣታቸው ይዘው በባትሪው አዞሩት።

«ይሄ የጃርት እሾህ ነው» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ እትዬ አስካለ ቀና አሉ። «እያንዳንዱ ዘለላ ከርስዎ ራስ የወጣ ነው ብለው ምለው አልነበር?»

የተበተነው ሰው እየተመለሰ ከበበን። 

ይኸው ዛሬ ያ ግቢ ሰፊ መንገድና የአበባ መደብ ሆኗል። ጽዱ የለም፣ ቪላው የለም፣ አባባ ገብሬም አገራቸው ገብተው እዚያው አርፈዋል፤ ጉጉቷን ማን ምትክ ቦታ እንደሰጣት አላውቅም። እኔ ላንቻ አንዲት ጠባብ ቤት ተከራይቼ የእናቴን ሥራ እሠራለሁ፣ የደንበኛዬን ጸጉር ለቅሜ መዳፏ ላይ ሳላስቀምጥ አልለቃትም። መብራት ሲሄድ ልጆቼ የስልካቸውን መብራት ያበራሉ፤ ጥላ የሚወጣበት ግንብ የለንም። እኔም ስለዚያ ፍም፣ ስለዚያ ጭስ፣ በሕይወቴ ከሰማሁት ሁሉ ያላመንኩት አንድ ተረት እንዴት እውነቱ እሱ እንደሆነ ሳስብ እገረማለሁ። ከዚያ ቤት ግን ማንም አላስወጣንም፤ የወጣነው መንገዱ ሲመጣ፣ ከሁሉም ሰው ጋር ነው።

ታዲያ እሾሁ ነው ያስቀረን እንዳትሉ። እኔ እዚያው ነበርኩ። በሰው ፊት ያፈረ ሰው ምን እንደሚመስል ያኔ አይቻለሁ፤ እትዬ አስካለ ፊታቸው ጠቆረ፣ ጣታቸው ወደ እናቴ ተነሳ። ጉጉቷንም የላከቻት እሷ ናት ሊሉ ነው፣ ዓይናቸው ላይ ይነበባል፤ አንዴ ካሉት ደግሞ መቶ ጃርት አይመልሳቸውም። ሐጂ ሶላቱ እያለፋቸው ነው።  አፋቸውን ከፈቱ።

ያኔ ነው ከኋላቸው፣ ማንም ያልጠበቀው፣ ጋሽ ታደሰ ከአግዳሚው ላይ ዘለው የተነሱት። እሾሁን አዩ፣ የሚስታቸውን ራስ አዩ፣ ማጅራታቸውን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉና፣ ግቢው በሙሉ፣ እናቴ፣ ሐጂ፣ በመጨረሻም እትዬ አስካለ ራሳቸው መሬት ላይ ተቀምጠው ሆዳቸውን ይዘው እስኪንፈራፈሩ ድረስ የሳቁበትን ነገር ጮክ ብለው ተናገሩት፦

«ለዚህ ነዋ! ለዚህ ነዋ ይሄን ሁሉ ዘመን ትራሱ የሚወጋኝ!»